ስለ መልክ የሚነገር ማስታወቂያና ስለ አቦቦ ሴቶች ልጆች ክብር

ሰው ሁሉ በሌላው ዓይን አምሮ ለመታየት መውደዱ ከተፈጥሮ ያገኘው ጠባይ ነው እንጂ ነውር አይደለም። በዓለም ላይ የሚኖር ማናቸውም ሕዝብ፣ ደኸየም በለጸገም፣ ሴቶች ልጆቹ የሚያጌጡበትን ነገር ሳያዘጋጅ አልኖረም። የደጋው አገር ሴት ዓይኗን ትኳላለች፤ እጇንና እግሯን እንሶስላ ትሞቃለች፤ ጠጉሯን ሹሩባ ተሠርታ ቅቤ ትቀባለች፤ ቀድሞም አንገቷንና ድዷን ትነቀስ ነበር። የጋምቤላ ቆላ ሴትም እንዲሁ በዶቃ ታጌጣለች። ዲሙይ የሚባለው የብርጭቆ ዶቃ በአኙዋ ዘንድ ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ለሙሽራዪቱ ወገን የሚሰጥ ጥሎሽ ነበርና ከቤት ወደ ቤት ሲተላለፍ ዝምድናን ያስር ነበር።

የዚህ ሁሉ ጌጥ ጠባዩ አንድ ነው፤ ይኸውም በተፈጥሮ መልክ ላይ ይጨምራል እንጂ የተፈጥሮን መልክ አይሽርም። የተኳለች ሴት ዓይኔ ክፉ ነው ብላ አልተኳለችም፤ ዓይኗ ጐልቶ እንዲታይላት ብላ ነው። ዶቃ ያሰረችም አንገቷን ለመደበቅ አላሰረችም። በዛሬው ዘመን በቴሌቪዥንና በእጅ ስልክ የሚሰራጨው የመልክ ማስታወቂያ ግን ሥራውን የሚጀምረው ከዚህ በተቃራኒው ነው። ለሴቲቱ ቅባቱን ከመሸጡ አስቀድሞ በገዛ መልኳ እንድታፍር ያደርጋታል፤ በመልኳ ያላፈረች ሴት ገዢ አትሆንለትምና። እንግዲህ ይህ ነገር ሰውነትን እንዴት እንደሚጐዳ፣ አሳብንም እንዴት እንደሚያደክም ለመረዳት አንድ ስፍራ መርጦ በዚያ ላይ መመልከት ይጠቅማል።

አቦቦ በጋምቤላ ክልል በአኙዋ ዞን የሚገኝ ወረዳ ነው። ከጋምቤላ ከተማ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚሄደው መንገድ ወደዚያ ያደርሳል። አገሩ ቆላ ነው፤ ፀሐዩም ብርቱ ነው። የአልዌሮ ወንዝ በዚያ ያልፋል፤ በወንዙም ላይ በደርግ ዘመነ መንግሥት የተሠራው ግድብ ይገኛል። የአገሩ ነባር ሕዝብ አኙዋ ነው፤ በ1977 ዓ.ም. በነበረው ድርቅ ጊዜ በመንግሥት የሰፈራ ሥራ ከደጋው አገር የመጡ ብዙ ቤተሰቦችም በዚያ ተቀምጠው ልጅና የልጅ ልጅ አይተዋል። ስለዚህ በአቦቦ ገበያ ጥቁሩም፣ ጠይሙም፣ ቀዩም መልክ ጐን ለጐን ይታያል። ይህ በራሱ የአገር ጌጥ ነው፤ ዳሩ ግን አንዱ መልክ ከሌላው ይበልጣል የሚል ድምፅ ከውጭ በመጣ ጊዜ፣ ጐን ለጐን መታየቱ የመወዳደሪያ ሚዛን ይሆናል።

የአቦቦ ነባር ሰው መልክ ጥቁር መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። በሰው ቆዳ ውስጥ ሜላኒን የሚባል ቀለም አለ። ይህ ቀለም ከፀሐይ የሚመጣውንና በዓይን የማይታየውን አልትራቫዮሌት የተባለ ጨረር እየዋጠ፣ ወደ ውስጥ ዘልቆ ሕዋሳትን እንዳይጐዳ ይከለክላል። ፀሐይ በበረታበት አገር እጅግ ብዙ ሺህ ዓመት የኖረ ሕዝብ ይህ ቀለም በዝቶለት ይገኛል፤ በዚህም ምክንያት ፀሐይ የምታመጣው የቆዳ ነቀርሳ በጥቁር ሰው ላይ እምብዛም አይታይም። እንግዲህ ጥቁር ቆዳ ለቆላ ሰው ከአናቱ የማይለይ ጥላ ማለት ነው። ይህን ጥላ በገዛ ገንዘቧ ቅባት ገዝታ የምታፈርስ ሴት የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደ ጣለችው ሴት ናት። የሚያስደንቀውም ነገር፣ በጥንቱ የነቢያት መጽሐፍ ሊለወጥ ለማይችል ነገር ምሳሌ ሆኖ የተጠቀሰው የኢትዮጵያዊ መልክ፣ ዛሬ በአንዲት ብልቃጥ ቅባት ይለወጣል ተብሎ በየገበያው መነገሩ ነው።

የመልክ ማስታወቂያ የሚሠራበት መንገድ ቢመረመር በሦስት ደረጃ የተከፈለ ሆኖ ይገኛል።

1ኛ፤ ጕድለት ያልነበረውን ነገር ጕድለት ብሎ ይሰይመዋል። ትናንት ማንም ያላሰበበትን የክንድ ጥቁረት፣ የጕልበት ጥቁረት፣ የጠጉር መከርደድ እንደ በሽታ አድርጎ ስም ያወጣለታል።

2ኛ፤ ጕድለት ያለውን ነገር ከኑሮ ዕድል ጋር ያስተሳስረዋል። ጠቆር ያለችው ልጅ ሥራ ስታጣና እጮኛ ስታጣ፣ ነጣ ባለች ጊዜ ግን ሁሉን ስታገኝ ያሳያል። በዚህ ጊዜ ሴቲቱ የምትገዛው ቅባት መሆኑ ይቀርና ዕድል የምትገዛ ይመስላታል።

3ኛ፤ ከዚህ በኋላ መድኃኒቱን ያቀርባል። ነገር ግን መድኃኒቱ ፈጽሞ እንዲያድን አይፈለግም፤ ሴቲቱ በቃኝ ያለች ዕለት ንግዱ ይቆማልና። ስለዚህ ፊቷ ቢነጣ እጇ ቀረ ይላታል፤ እጇ ቢነጣ ጠጉሯ ቀረ ይላታል፤ ጠጉሯ ቢረዝም ወገቧ ቀረ ይላታል።

ስለ ሰውነት ቅርጽ የሚነገረውም እንደዚሁ ነው። አንዱ ማስታወቂያ ቦርጭን አጠፋለሁ እያለ ሲጠራ፣ ሌላው ዳሌን አሳድጋለሁ እያለ ይጠራል፤ ሦስተኛው ደግሞ የከሳውን ፊት እሞላለሁ ይላል። አንዲት ሴት ሦስቱንም ብታምን ከሰውነቷ ደኅና የሚባል ክፍል አይተርፋትም።

የዚህ ንግድ ታላቅ ምሳሌ በህንድ አገር ይገኛል። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1975 ዓ.ም. በዚያ አገር «ፌር ኤንድ ላቭሊ» የተባለ የፊት ቅባት ወጣ። የስሙ ትርጓሜ ነጣ ያለችና የተወደደች እንደ ማለት ነው፤ ነጭነትና መወደድ በአንድ ስም ተጣምረው ለሴቶች ተሸጡ ማለት ነው። ቅባቱ ከህንድ አልፎ ወደ ብዙ የእስያና የአፍሪካ አገሮች ተሰራጨ። በ2020 ዓ.ም. በአሜሪካ የጥቁሮች መብት ጥያቄ በተነሣ ጊዜ ነቀፌታው ስለ በረታበት ባለቤቱ ኩባንያ ስሙን «ግሎ ኤንድ ላቭሊ» ብሎ ለወጠው። ስሙ እስኪለወጥ ድረስ ግን 45 ዓመት አለፈ፤ በዚህ ዘመን ውስጥ የተወለዱት ሴቶች ልጆች ያንን ስም እየሰሙ አደጉ፤ ራሳቸውም እናቶች ሆኑ።

ዳሩ ግን ጥፋቱን ሁሉ በባዕድ ነጋዴ ላይ ማሳበብ እውነትን መሸሸግ ይሆናል። በኢትዮጵያም የመልክ ደረጃ ቀድሞ የነበረ ነው። በአማርኛ ቋንቋ ሰውን በመልኩ ሲለዩ ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር ይሉታል፤ እነዚህ ስሞች ለመለያ ብቻ ቢነገሩ ክፋት የለባቸውም። ነገር ግን ቆንጆ ሴት በምትወደስበት ጊዜ አፍንጫዋ ሰልካካ፣ ጠጉሯ ዞማ፣ መልኳ ቀይ ነው ማለት የተለመደ ሆነ፤ የደጋው ሰውም በአለፈው ዘመን የቆላውን ሰው በመልኩ ምክንያት በማዋረጃ ስም ይጠራውና በባርነት ይገዛው እንደ ነበር ታሪክ አይክደውም። ስለዚህ ነጣ ማለትን የሚሰብከው ማስታወቂያ በአቦቦ ላይ ሲደርስ ባዶ መሬት ላይ አልወደቀም፤ አሮጌ ቍስል አገኘ፤ በዚያም ላይ ንግዱን ተከለ። የአኙዋ ልጅ በማስታወቂያው ሁለት ጊዜ ትነካለች፤ አንድ ጊዜ ጥቁር በመሆኗ፣ ሁለተኛም በአገሯ ቴሌቪዥን እርስዋን የሚመስል ፊት በማጣቷ ነው።

ማስታወቂያው ወደ ሩቅ ወረዳ የሚገባበት በር ቀድሞ ጠባብ ነበር። የራዲዮ ማስታወቂያ ቃል እንጂ ሥዕል አልነበረውም፤ ጋዜጣም ሩቅ አገር የሚደርሰው ዘግይቶ ነበር። የሳተላይት ሰሐን በየቤቱ ጣሪያ ላይ መተከል ከጀመረ ወዲህ ግን ነገሩ ተለወጠ። በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው ቃና ቴሌቪዥን የቱርክንና የሌላውን አገር ተከታታይ ታሪክ በአማርኛ ድምፅ እያሰማ ማሳየት በጀመረ ጊዜ፣ የባዕድ አገር ሴት በየመንደሩ በአማርኛ የምትናገር ሆነች፤ መልኳም እንደ ቅርብ ጎረቤት መልክ የሚታይ ሆነ። ከዚያም በኋላ የእጅ ስልክና ቲክቶክን የመሰለው ማኅበራዊ መገናኛ መጣ። በዚህ ጊዜ ማስታወቂያውና ወሬው፣ ነጋዴውና ጓደኛው የማይለዩ ሆኑ፤ ቅባት የምትሸጠው ሴት ምክር እንደምትሰጥ እኅት ሆና ትናገራለችና።

ከዚህም በላይ ሥዕሉ ራሱ እውነተኛ አይደለም። በ20ኛው መቶ ዓመት የፎቶግራፍ ፊልም የሚሠራው የኮዳክ ኩባንያ የቀለሙን ልክ የሚያስተካክለው «ሸርሊ» በሚባል የነጭ ሴት ሥዕል ባለበት ካርድ ነበር። በዚህ ምክንያት የጥቁር ሰው ፊት በፎቶግራፍ ላይ ጨለማ ሆኖ፣ ዓይንና ጥርስ ብቻ ቀርቶ ይወጣ ነበር፤ ጥፋቱ የፊልሙ ሲሆን ሰው ግን ጥፋቱን ከፊቱ ላይ ቈጠረው። ዛሬ ደግሞ በእጅ ስልክ ውስጥ ያለው የማሳመሪያ ጥበብ የሰውን ፊት ሳይጠየቅ ያለሰልሳል፤ ያነጣል፤ አፍንጫን ያቀጥናል፤ ዓይንን ያሰፋል። አንዲት የአቦቦ ተማሪ ፎቶግራፍ ተነሥታ ያንን የተለወጠ ፊት ካየች በኋላ ወደ መስተዋት ብትመለስ፣ መስተዋቱ የዋሻት ይመስላታል። ስለዚህ ነገር ፈረንሳይ በ2017 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቈጣጠር የሰውነት ቅርጹ የተለወጠ የንግድ ሥዕል ሁሉ መለወጡ እንዲጻፍበት አዘዘች፤ ኖርዌይም በ2021 ዓ.ም. ይህን የመሰለ ሕግ አውጥታ በሚከተለው ዓመት ሥራ ላይ አዋለችው።

ሥዕል ማየት ብቻውን ሰውን ይጐዳልን ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር፣ ከፊጂ ደሴቶች የተገኘውን ማስረጃ ይመልከት። በፊጂ ናድሮጋ በተባለው አገር ሙሉ ሰውነት ያላት ሴት የምትመሰገን ነበረች፤ ክሳት ግን የሕመምና የመተው ምልክት ነበር። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1995 ዓ.ም. ቴሌቪዥን ወደዚያ ገባ። የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሐኪምና ተመራማሪ የሆኑት አን ቤከር ቴሌቪዥኑ በገባ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተማሪዎችን ጠየቁ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ በ1998 ዓ.ም. በዚያው ዕድሜ ያሉትን ሌሎች ተማሪዎች ዳግመኛ ጠየቁ። በመጀመሪያው ጊዜ ለመክሳት ብላ የበላችውን እንደምታስመልስ የተናገረች አንዲት ልጅ እንኳ አልተገኘችም፤ በሁለተኛው ጊዜ ግን ከመቶ 11 የሚሆኑት ይህን እንደሚያደርጉ ተናገሩ። ከመቶ 74 የሚሆኑትም ሰውነታችን የበዛ መስሎ ይሰማናል አሉ። ብዙ ትውልድ የጠበቀው የውበት አሳብ በሦስት ዓመት ውስጥ ተናጋ።

በ2021 ዓ.ም. ይፋ የወጣው የፌስቡክ ኩባንያ የውስጥ ጽሕፈትም ይህንኑ ያጠነክራል። ኩባንያው ራሱ ባደረገው ምርመራ ኢንስታግራም የተባለው መገናኛ፣ ስለ ሰውነታቸው ከሚጨነቁት ልጃገረዶች መካከል ከሦስቱ የአንዲቱን ጭንቀት እንደሚያባብስ ተገልጦ ነበር። እንግዲህ ሻጩ የሚያውቀውን ነገር ገዢዪቱ ሳታውቅ መቅረቷ ፍርድ የጐደለው ሥራ ነው።

የአሳቡ ጕዳት ይህን ያህል ከሆነ የሰውነቱ ጕዳት ደግሞ ከዚህ ይከፋል። ፊት ያነጣሉ ተብለው በየአገሩ ከሚሸጡት ቅባቶች ውስጥ በሐኪሞች ዘንድ የታወቁት ጐጂ ነገሮች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ሜርኩሪ ነው። ሜርኩሪ ሜላኒን እንዳይሠራ ይከለክላል፤ ነገር ግን በቆዳ በኩል ወደ ደም ገብቶ ኩላሊትን ያበላሻል፤ የነርቭንም ሥራ ያውካል። እርጉዝ ሴት ብትቀባው ወደ ፅንሱ ያልፋል፤ በፎጣና በአልጋ ልብስ ላይም ተጣብቆ ያልተቀቡትን ሕፃናት ያገኛቸዋል።

ሁለተኛው ሃይድሮኪኖን የሚባለው ነው። ይህ በሐኪም እጅ ለጥቂት ጊዜ ሲሰጥ መድኃኒት ነው፤ ሰው በራሱ ፈቃድ ለብዙ ወራትና ዓመታት ሲቀባው ግን ቆዳውን ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁረት ያለብሰዋል። ይህ ነገር ኦክሮኖሲስ ይባላል፤ ለማዳንም እጅግ አስቸጋሪ ነው። ጥቁረትን ሸሽታ የተቀባች ሴት ከፊተኛው የባሰ ጥቁረት ታገኛለች፤ እርሱን ለማጥፋት ደግሞ ቅባቱን ትጨምራለች።

ሦስተኛው ስቴሮይድ የሚባለው ብርቱ መድኃኒት ነው። እርሱም ለቆዳ በሽታ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ ሲሆን፣ ለማንጫ ብሎ ያለ ልክ የተቀባው ሰው ቆዳው ይሳሳል፤ ደም ሥሩ ይታያል፤ ብጉርና ሸንተረር ይወጣበታል፤ ቍስሉም ቶሎ አይድንም። ሴቲቱ ቅባቱን ባቆመች ጊዜ ፊቷ ይቀላል፤ ይቃጠላልም፤ ስለዚህ እንደ ሱስ ሆኖባት ወደ ቅባቱ ትመለሳለች።

ይህ ሁሉ በማናቸውም አገር ጕዳት ነው፤ በቆላ ግን ጕዳቱ ይበረታል። ሜላኒኑ የተገፈፈ ቆዳ በአቦቦ ፀሐይ ላይ ቢወጣ ያለ ጋሻ ወደ ጦርነት እንደ ገባ ወታደር ነው። እርሻና ውኃ መቅዳት፣ ገበያና ወንዝ መውረድ የሚያዘወትሩ ሴቶች ከፀሐይ ተሸሽገው መኖር አይችሉም። ጕዳቱ ከደረሰ በኋላም የቆዳ ሐኪም በቅርብ አይገኝም፤ በቆዳ ሕክምና የታወቀው የአለርት ሆስፒታል የሚገኘው በአዲስ አበባ ነው፤ ከጋምቤላ ከተማ እስከዚያ ድረስ ያለው መንገድም ከ700 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ቅባቱ ወደ አቦቦ ለመድረስ አንድ ነጋዴና አንድ መኪና ይበቃዋል፤ የተጐዳችው ሴት ወደ ሐኪሙ ለመድረስ ግን ብዙ ቀን፣ ብዙ ገንዘብና ብዙ ዘመድ ያስፈልጋታል።

የአፍሪካ መንግሥታት ይህን ጕዳት አይተው ዝም አላሉም። ደቡብ አፍሪካ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1990 ዓ.ም. ሃይድሮኪኖን በመዋቢያ ቅባት ውስጥ እንዳይገባ ከለከለች፤ ቆዳ ያነጣል የሚል ማስታወቂያም እንዳይነገር አገደች። ጋና በ2016 ዓ.ም. ሃይድሮኪኖን ያለባቸውን ቅባቶች ከለከለች፤ ርዋንዳም ከ2018 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የቆዳ ማንጫዎችን ከየሱቁ ሰበሰበች። በጃፓን አገር በሜርኩሪ መርዝ በተጐዳችው በሚናማታ ከተማ ስም የተጠራው የዓለም ስምምነት በ2013 ዓ.ም. ተፈርሞ በ2017 ዓ.ም. ጸና፤ አባል መንግሥታቱም በ2023 ዓ.ም. ባደረጉት ጉባኤ ሜርኩሪ የተጨመረበት መዋቢያ ሁሉ እስከ 2025 ዓ.ም. ድረስ እንዲቀር ወሰኑ። በኢትዮጵያም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1112 የውበት መጠበቂያዎችን በመንግሥት ቍጥጥር ሥር አድርጓል፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቍጥር 759 ደግሞ ማስታወቂያ ሕዝብን እንዳያሳስትና የሰውን ክብር እንዳይነካ ያዛል። እንግዲህ ሕግ አልጐደለም፤ የሚያስፈልገው ሕጉ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እስከ አቦቦ ገበያ ድረስ መድረሱ ነው።

የጋምቤላ ምድር በዚህ ነገር ላይ ለዓለም የሰጠችው ምሳሌ ደግሞ አለ። ኛኪም ጋትዌች ከደቡብ ሱዳን በጦርነት ምክንያት ከተሰደዱ ወላጆች በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1993 ዓ.ም. በጋምቤላ ተወለደች። ከዚያም በኬንያ በስደተኞች መጠለያ ቈይታ በልጅነቷ ወደ አሜሪካ ተሻገረች። በዚያም አገር ስለ ጥቁረቷ ብዙ ፌዝ ደረሰባት፤ ነገር ግን አድጋ የልብስና የውበት ማሳያ ሞዴል ሆነች። በ2017 ዓ.ም. የተሳፈረችበት የታክሲ ነጂ 10,000 ዶላር ቢሰጥሽ ቆዳሽን ታነጪዋለሽን ብሎ እንደ ጠየቃት፣ እርስዋም ስቃበት ከፈጣሪዋ የተሰጣትን መልክ እንደማትለውጥ እንደ መለሰችለት ራሷ ተናገረች። ይህ ነገር በዓለም ሁሉ ተሰማ።

ዳሩ ግን ከዚህ ታሪክ ጋር ተያይዞ የሚነገር ሐሰትም አለ፤ ይኸውም የጊነስ መዝገብ ከዓለም ሁሉ እጅግ ጥቁር ሰው ብሎ መዝግቧታል የሚለው ነው። የጊነስ ድርጅት የቆዳ ቀለምን እንደማይመዘግብ በ2020 ዓ.ም. አስታውቋል። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ስለዚህ ነው፤ ጥቁር መልክ ክብሩን የሚያገኘው በመዝገብ ተጽፎ ለመደነቂያ ሲቀርብ አይደለም። ሰውን ስለ ጥቁረቱ ማዋረድም ሆነ ስለ ጥቁረቱ ብቻ እንደ ብርቅ ማሳየት ሁለቱም ከሰውየው ይልቅ ቆዳውን ማየት ነው። በአዲስ አበባ የተወለደችው ሊያ ከበደም በ2003 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቈጣጠር የኤስቴ ላውደር የመዋቢያ ኩባንያ ምልክት ሆና ስትመረጥ፣ በዚያ ኩባንያ ታሪክ ለዚህ ሥራ የተመረጠች የመጀመሪያዪቱ ጥቁር ሴት ሆነች። ኩባንያው ከተመሠረተ 57 ዓመት ሆኖት ነበር። ይህን ያህል ዘመን ጥቁር ሴት ያልታየችው ቆንጆ ጠፍታ ሳይሆን የመራጮቹ ዓይን ስለ ጠበበ ነው።

አንድ ተከራካሪ ተነሥቶ፣ ዐዋቂ ሴት በገዛ ገንዘቧ በገዛ ፊቷ ላይ የወደደችውን ብትቀባ ለሌላው ምን ገዶት ነው ይል ይሆናል። ይህ ክርክር የሚናቅ አይደለም። ሴት ልጅ በሰውነቷ ላይ ማዘዝ የሚገባት ራሷ ናት። ነገር ግን ነጻነት ያለ ዕውቀት አይጸናም። ማሸጊያው ሜርኩሪ አለብኝ ብሎ ካልተናገረ፣ ሥዕሉም በጥበብ የተለወጠ መሆኑ ካልተገለጠ፣ ሴቲቱ መረጠች አይባልም፤ ተታለለች ይባላል እንጂ። ደግሞም ቅባቱን የተቀባችውን ሴት መዝለፍና ማሣቅ አይገባም። እርስዋ የምትጠይቀው መወደድንና መከበርን ነው፤ መወደድን ከመልክ ንጣት ጋር ያጣመሩት ሌሎች ናቸው። ሚስት ሲመርጥ ቀይ ትሁንልኝ የሚል ወንድ፣ ለእንግዳ መቀበያ ሠራተኛ ሲቀጥር መልክ የሚያማርጥ ጌታ፣ ከልጆቿ መካከል ቀላ ያለችውን ለይታ የምታቈላምጥ አክስት፣ ሁሉም ለማስታወቂያው ደመወዝ የማይቀበሉ ሠራተኞቹ ናቸው።

ስለዚህ መድኃኒቱ ለሁሉ እንደ ድርሻው የሚከፈል ነው።

1ኛ፤ ወላጆች በልጆቻቸው ፊት ስለ መልክ የሚናገሩትን ቃል ይጠብቁ። ልጅ ከማስታወቂያ አስቀድሞ የምትሰማው የቤቷን ቃል ነው። በቤቷ መልኳ የተመሰገነላት ልጅ ማስታወቂያውን በሰማች ጊዜ ትስቅበታለች፤ በቤቷ የተዘለፈች ግን ታምነዋለች።

2ኛ፤ መምህራን የቆዳን ቀለም ምክንያት በሳይንስ ትምህርት ጊዜ ያስረዱ፤ ደግሞም ሥዕል በስልክ እንዴት እንደሚለወጥ በተማሪዎች ፊት ሠርተው ያሳዩ። ሥዕሉ ሲለወጥ በዓይኗ ያየች ልጅ ሁለተኛ በቀላሉ አትታለልም።

3ኛ፤ በየቀበሌው ቤት ለቤት የሚሄዱት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለእርጉዞችና ለእናቶች ምክር በሚሰጡበት ጊዜ ስለ ማንጫ ቅባትም ይንገሩ። ለብዙ ጊዜ ስቴሮይድ የተቀባችውን ሴት በአንድ ቀን ተዪው ከማለት ይልቅ ወደ ጤና ጣቢያ ወስዶ ሐኪም እንዲያይላት ማድረግ ይሻላል።

4ኛ፤ ነጋዴዎች የቅባቱን ይዘት የማይገልጽ፣ ማን እንደ ሠራው የማይታወቅ ማሸጊያ አይቀበሉ፤ ተቈጣጣሪዎችም ድንበር ላይ ብቻ ሳይሆን በትንንሹ ሱቅና በገበያው መደብ ላይ ይመልከቱ።

5ኛ፤ ማስታወቂያ የሚሠሩና የሚያሰራጩ ሰዎች ለሳሙናውም፣ ለልብሱም፣ ለባንኩም ማስታወቂያ የአኙዋን፣ የኑዌርን፣ የመዠንግርንም ሴት ያሳዩ፤ በባህል ቀን ብቻ ጌጥ አድርጎ ማቅረብ አይበቃም። የአቦቦ ልጅ እርስዋን የምትመስል ሐኪም፣ እርስዋን የምትመስል መምህርት፣ እርስዋን የምትመስል ነጋዴ በየዕለቱ ባየች ጊዜ፣ መልኳ ከዕድል የማያግዳት መሆኑን ማንም ሳይነግራት ታውቃለች።

አባቶች መልክ ታጥቦ አይጠጣም ሲሉ መልክን መናቃቸው አይደለም፤ ከመልክ በፊት የሚቀድም ነገር እንዳለ ማሳሰባቸው ነው። የአቦቦ ሴት እርሻ ታርሳለች፤ ልጅ ታሳድጋለች፤ ትማራለች፤ ትነግዳለች፤ ይህን ሁሉ የምትሠራውም በዚያ ፀሐይ ውስጥ፣ ያ ፀሐይ በሰጣት ቆዳ ነው። ነጋዴው አንዱ ቅባት ቢከለከልበት በሌላ ስም ሌላ ያመጣል፤ እርስዋ ግን ያላት ቆዳ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ የማስታወቂያው ድምፅ ከጆሮዋ ከመድረሱ በፊት የእናቷ፣ የመምህርቷና የሐኪሙ ቃል ቀድሞ ይድረሳት።